የአገሩን ነፋስ በአገሩ ቦርድ፦ ካይትቦርደሮች የሰፈራቸውን ሠሪ ለምን ይወዳሉ?

ካይትቦርዲንግ (ነፋስ በሚጎትተው የጨርቅ ካይት እየተሳቡ ውኃ ላይ በቦርድ መንሸራተት) በሚዘወተርበት ዳርቻ ቆሞ ዕቃውን ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ሰማይ ላይ ያሉት ካይቶች ሁሉም ማለት ይቻላል የታወቁ ዓለም አቀፍ ብራንዶች ናቸው፤ ስማቸው ከሩቅ ይነበባል። ዓይኑን ዝቅ አድርጎ እግር ሥር ያለውን ቦርድ ሲያይ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ከታወቁት ስሞች መሃል ከዚያ አካባቢ ውጭ ማንም የማያውቀው ምልክት የታተመባቸው፣ አንዳንዴም ምንም ጽሑፍ የሌለባቸው ቦርዶች ብቅ ይላሉ። ባለቤቱን ስለ ካይቱ ቢጠይቁት ስፋቱንና የወጣበትን ዓመት ይናገራል። ስለ ቦርዱ ቢጠይቁት ግን የሰው ስም ይጠራል።

የምርምር ክፍል፣ የሙከራ ቡድንና ሻምፒዮን አስተዋዋቂ ያላቸው ኩባንያዎች እያሉ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ቦርድ ይህን ያህል ፍቅር ያገኘው በምንድን ነው? የተለመደው መልስ «ጥራቱ ስለሚበልጥ» የሚል ነው። ለእኔ ይህ የመልሱ ግማሽ ነው፤ ያውም ደካማው ግማሽ። ተንሸራታቹን የሚይዘው ከቦርዱ ጥራት ይልቅ በቦርዱና በሠሪው መካከል ያለው መንገድ ማጠሩ ነው። የመንገዱ ማጠር ቴክኒካዊ ጥቅም አለው። የልብ ጉዳይም አለበት፤ የሚያስከፍለው ዋጋም እንደዚሁ።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካይትቦርደሩ ወገቡ ላይ በታጠቀው ሃርነስ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሜትር በላይ በሚረዝሙ ቀጫጭን ገመዶች ከካይቱ ጋር ይያያዛል። ካይቱ ይጎትተዋል፤ እሱ ደግሞ የቦርዱን ጠርዝ ውኃው ውስጥ እያስነከሰ ጉተታውን ይቋቋማል። በብዛት የሚታየው ቦርድ ትዊን ቲፕ ይባላል፤ ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መዞር ሳያስፈልግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሄዳል። ርዝመቱ ከ130 እስከ 145 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወርዱ 40 ገደማ፣ ውፍረቱ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ለዓይን ጠፍጣፋ ጣውላ ይመስላል።

ታዲያ የሰፈሩ ሠሪ ቦርድ እንጂ ካይት የማይሠራው ለምንድን ነው? ካይት በልዩ ማሽን የተሸመነ ቀላል ጨርቅ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ የጃፓኑ ተይጂን የሚያመርተው ጨርቅ በበርካታ ተፎካካሪ ብራንዶች ካይት ላይ ይገኛል። የሚነፋ ቱቦ፣ በሚሊ ሜትር የተለካ ስፌትና የገመድ ሥርዓት አለው። ከሁሉም በላይ የደኅንነት ጉዳይ አለ። ካይቱ ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን ተንሸራታቹን የሚያላቅቀው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 አይኤስኦ 21853 የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጥቶለታል። በካይት ላይ የሚፈጸም ስህተት ሰው ይገድላል። ቦርድ ላይ የሚፈጸም ስህተት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው የተሰበረ ቦርድና ረጅም ዋና ነው። የእንጨት ሥራ የሚችል፣ ሙጫ የሚያውቅና አንድ ፕሬስ (ቦርዱን የሚጨምቅ መሣሪያ) መሥራት የሚችል ሰው ወደ ሙያው የሚገባው በዚህ በር ነው።

በሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ብሩኖና ዶሚኒክ ለጋኙ ከውኃ ላይ መልሶ የሚነሳውን የሚነፋ ካይት የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር፤ «ዊፒካ» ብለው ለገበያ ያቀረቡት ደግሞ በ1997። በመካከሉ አሜሪካውያኑ አባትና ልጅ፣ የቦይንግ ኢንጂነሩ ቢልና ልጁ ኮሪ ሮዝለር፣ በ1994 ካይትስኪ የተባለ ሌላ መሣሪያ ሸጠዋል፤ ኮሪ እግሩ ላይ ያሰረው የውኃ ስኪ ነበር። ልብ በሉ፦ ካይቱ ተፈጥሯል፣ ቦርዱ ግን ገና የለም። የመጀመሪያዎቹ ተንሸራታቾች የሰርፍ ቦርድ ላይ የእግር ማሰሪያ በብሎን እየመቱ፣ የዊንድሰርፍ ቦርድ እየቆረጡ፣ ከዌክቦርድና ከስኖውቦርድ አሠራር እየተዋሱ ነው ዛሬ የምናየው ቅርጽ ላይ የደረሱት። ይህን ያደረጉት በየጋራዣቸው ነው። በዚህ ስፖርት ቤተኛው ጋራዡ ነው፤ ፋብሪካው በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውኃው። ከሩቅ ሲያዩት ውኃ ሁሉ ውኃ ነው። ለቦርድ ግን እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካዋ ሁድ ሪቨር ከተማ አጠገብ የሚያልፈው የኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ምዕራብ ሲወርድ የበጋው ነፋስ ከምዕራብ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ነፋስና ፈሳሽ ሲጋጩ ወንዙ ላይ የባሕር የሚያህል ቀጥ ያለ ማዕበል ይቆማል። በኔዘርላንድስ ያለው የአይሰልሜር ሐይቅ ጥልቀቱ በአማካይ 6 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ረጅም ሞገድ ሳይሆን አጫጭርና የተጠጋጉ፣ ጉልበት የሚመቱ ሞገዶች ይወልዳል። ኬፕታውን ላይ «የኬፕ ሐኪም» የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በበጋ ሲነሳ ከብርታቱ የተነሳ ትንንሽ ካይት ያስወጣል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ የውቅያኖስ ማዕበል ነው። በሌላ በኩል በምዕራብ ሰሃራ ባለችው በዳክላ ሐይቅ መሰል ባሕር ውስጥ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ውኃው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ የሚውልበት ቦታ አለ።

እነዚህን አራት ውኃዎች በአንድ ቦርድ ማስደሰት አይቻልም። ምክንያቱን ለማየት «ሮከር» የሚባለውን ነገር ማወቅ ይበቃል። ቦርዱን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲያስቀምጡት ጫፎቹ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ያ ከፍታ ነው ሮከር። ሮከሩ ትንሽ የሆነ ቦርድ ውኃው ላይ ተኝቶ ይፈጥናል፤ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫም በቀላሉ ይወጣል። ግን አጭር ሞገድ ሲያገኝ በጥፊ እንደሚመታ እጅ ይጮኻል፣ ድብደባው ቀጥታ ጉልበት ላይ ይደርሳል። ሮከሩ የበዛ ቦርድ ሞገዱን ለስለስ ብሎ ያልፈዋል፤ ከዝላይ ሲያርፍም ይምራል። ዋጋው ፍጥነትና ወደ ነፋስ የመውጣት አቅም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ትልቁ ኩባንያ ቦርዱን የሚሸጠው ለእነዚህ ውኃዎች ሁሉ ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ይመርጣል፤ ሌላ ምርጫም የለውም። ውጤቱ የትም ቦታ መጥፎ ያልሆነ፣ የትም ቦታ ግን ልክክ የማይል ቦርድ ነው። የሰፈሩ ሠሪ ይህ ጣጣ የለበትም። እሱ የሚያውቀው አንድ ውኃ ነው፤ ቦርዱ ሌላ ቦታ ባይሠራ ግድ የለውም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

ከውኃው ቀጥሎ የሰው ክብደት አለ። ቦርድ በውኃ ላይ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ከእንጨቱ ውፍረት፣ ከፋይበርግላሱ ወይም ከካርቦኑ ብዛትና ክሮቹ ከሚያመሩበት አቅጣጫ ይመጣል። ለ75 ኪሎ ሰው ተመጥኖ የተሠራ ቦርድ 100 ኪሎ ሰው ሲቆምበት ይጎብጥና ጠርዙ መያዝ ያቆማል፤ 55 ኪሎ ሴት ስትቆምበት ደግሞ ድርቅ ብሎ እንደ በር ይሆንባታል። ኩባንያው ለዚህ የሚሰጠው መልስ የተለያየ ርዝመት ነው። ሠሪው ግን ርዝመቱን ሳይነካ አንድ ንብርብር ጨርቅ ይጨምራል፣ ወይም ይቀንሳል። ብዙዎች «ቦርዱ ለእኔ የተሠራ ያህል ነው» ሲሉ የሚያወሩት፣ ሳያውቁት፣ ስለዚህች አንድ ንብርብር ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብለን ብንመለከት ጥሩ ነው። ብዙውን ጊዜ መሃሉ ፓውሎኒያ የሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ነው፤ ይህ እንጨት ውኃ ቶሎ አይጠጣም። እንጨቱ መሃሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሳሳ ብለው ይላጋል። ዙሪያውን ድንጋይ ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ጠንካራ ፕላስቲክ ይታጠራል። የእግር ማሰሪያውና ፊኖቹ (ከቦርዱ ሥር የሚገጠሙት ትንንሽ ክንፎች) የሚታሰሩባቸው ባለ ጥርስ ብረቶች ይቀበራሉ። ከዚያ ከላይም ከታችም ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ የራሰ ፋይበርግላስ ይነጠፍና ሁሉም ነገር ሮከሩን በያዘው ፕሬስ መካከል ገብቶ በሙቀት ይጨመቃል። ሲወጣ ዙሪያው ይቆረጣል፣ ይሞረዳል። ሠሪው ቦርዱን በሁለት ጣውላ ላይ አጋድሞ መሃሉን በመዳፉ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ተመልሶ የሚነሳበትን ፍጥነት ይሰማል። ቀጥሎ በጣቱ አንጓ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንኳኳዋል። ድምፁ ድንገት ቦዶ ከሆነበት ቦታ ላይ ጨርቁና እንጨቱ አልተጣበቁም ማለት ነው። ያ ቦርድ ከወርክሾፑ መውጣት የለበትም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ልበል፦ «በእጅ የተሠራ»። ይህ ሐረግ ሲነገር ፋብሪካው ውስጥ የሰው እጅ የሚሠራ አይመስልም። እውነቱ ሌላ ነው። ታይላንድ ውስጥ ያለው ኮብራ የተባለው ግዙፍ አምራች ለበርካታ የውኃ ስፖርት ብራንዶች ቦርድ ይሠራል፤ እዚያም ጨርቁን የሚያነጥፉት፣ ሙጫውን የሚቀቡት፣ ጠርዙን የሚሞርዱት ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከጋራዡ ሠሪ ያላነሰ ልምድ ያላቸው። በተቃራኒው ብዙ ትንንሽ ሠሪዎች እንጨቱን የሚቆርጡት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ነው። ስለዚህ ልዩነቱ እጅ በመኖሩና ባለመኖሩ አይደለም። ልዩነቱ አንዱን እጅ እናውቀዋለን፣ ሌላውን አናውቀውም።

ይህ ማወቅ በራሱ ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፉክስ፣ ሽሪየርና ቫን ኦሰላር ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በእጅ በተሠራ ዕቃ ይበልጥ የሚሳቡበት አንዱ ምክንያት ዕቃው የሠሪውን ፍቅር እንደያዘ ስለሚሰማቸው መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 ኖርተን፣ ሞቾንና አሪየሊ ሰዎች ራሳቸው የገጣጠሙትን ዕቃ ከሚገባው በላይ አክብረው እንደሚገምቱት አሳይተው ነበር። ወርክሾፕ ሄዶ ቀለም የመረጠ፣ «ወርዱን ትንሽ ጨምርልኝ» ያለ፣ ሦስት ሳምንት የጠበቀ ሰው ቦርዱን በከፊል ራሱ እንደሠራው ይቆጥረዋል። ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ቦርድ አሠርቶ የሚንሸራተት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት የቆየበት ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚያምር ዝላይ ሲታይ ሰዎች ቦርዱን ይጠይቃሉ እንጂ ስንት ሺህ ጊዜ እንደወደቀ አይጠይቁትም።

ታዲያ ፍቅሩ ሁሉ ቅዠት ነው? አይመስለኝም፤ የእሽቅድምድሙ ታሪክም ይህን አያሳይም። ማይክስ ላብ የተባለው የካሊፎርኒያ ወርክሾፕ ከትልልቆቹ አምራቾች ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር፤ ነገር ግን ጆኒ ሃይነከንን የመሰሉ የዓለም ሻምፒዮኖች የተወዳደሩት በእሱ ቦርድ ነው። ሰዓትና ፉክክር ባለበት ቦታ ስሜት ብቻውን አያሸንፍም። አንድ ሠሪ ቅዳሜ የተሸነፈበትን ምክንያት ሰምቶ ለሚቀጥለው ውድድር አዲስ ቅርጽ ማውጣት ይችላል፤ የምርት ዕቅዱን ከአንድ ዓመት በፊት የዘጋ ኩባንያ አይችልም። በኋላ ላይ ስፖርቱ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ፣ በ2024 የፓሪስ ጨዋታዎች ማርሴይ ላይ ፎርሙላ ካይት በተባለው የውድድር ዓይነት፣ የመወዳደሪያ ዕቃው አስቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለበት የሚል ደንብ አብሮ ገባ። የደንቡ ዓላማ ፍትሐዊነትና ወጪን መቆጣጠር ስለሆነ አልቃወመውም። ያም ሆኖ በየሳምንቱ ቅርጽ የሚቀይር ሠሪ እንዲህ ባለው መድረክ ላይ ትልቁን ጥቅሙን ያጣል።

ጉዳዩን አሁን ትኩስ ያደረገው ግን ገበያው ነው። በኮቪድ ዘመን ከቤት ውጭ የሚዘወተሩ ስፖርቶች ዕቃ ተፈላጊነት ናረ፣ በ2021 የኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ሱቆች የሚሸጡት አጡ። ኩባንያዎቹ ብዙ አዘዙ። ዕቃው ሲደርስ ፈላጊው በርዷል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ መጋዘኖች ሞልተው ያልተነኩ ቦርዶች በከፍተኛ ቅናሽ ሲሸጡ ታዩ። በመጀመሪያ ሲታይ ይህ የትንሹ ሠሪ ሞት ይመስላል፤ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ የታወቀ ብራንድን ማን ይፎካከራል?

ነገር ግን ቅናሹ ተንሸራታቹን ሌላ ነገርም አስተማረው። ባለፈው ዓመት በሙሉ ዋጋ የገዛው ቦርድ ዛሬ ሱቅ ውስጥ በግማሽ ዋጋ ሲሰቀል፣ የእሱ ያገለገለ ቦርድ ዋጋ ምን ሊሆን ነው? የዓመት ሞዴል የሚባለው አሠራር ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከአምናው ወደ ዘንድሮው የሚለወጠው ሥዕሉ ነው፤ ሥዕሉ በተለወጠ ቁጥር ግን አምና የተገዛው ያረጃል። የሰፈሩ ሠሪ የዓመት ሞዴል የለውም። ቅርጽ የሚቀይረው የሚቀይርበት ምክንያት ሲያገኝ ነው። መጋዘንም የለውም፤ ያልታዘዘ አይሠራም። ስለዚህ የሚያራግፈው ዕቃ የለም።

ጥገናውም አለ። ጠርዙ ድንጋይ መትቶት የተሰነጠቀ ቦርድ ቶሎ ካልታሸገ የባሕር ውኃ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ እንጨቱ ያብጣል፣ ንብርብሩ ይላቀቃል። ለኩባንያ ዋስትና ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ ደብዳቤና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም «ድንጋይ የመታው ዋስትና አይሸፍነውም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ለነገሩ ፍትሐዊ መልስ ነው። ሠሪው ዘንድ የሚወሰድ ቦርድ ተከፍቶ፣ ደርቆ፣ በኢፖክሲ ተሞልቶ ይመለሳል። እንደ አዲስ አይሆንም። ነፋሱ ግን አያመልጥም።

ለሠሪው የሚደርሰው ግን ፍቅር ብቻ አይደለም። ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ ያለ ጓንትና ያለ በቂ አየር ለዓመታት የሠራ ሰው አለርጂ ሊይዘው ይችላል፣ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም፤ ሙያውን የሚያስጥል ነው። «የሰፈር ምርት» የሚለው ስምም ሊያሞኘን አይገባም፦ ሙጫው፣ ጨርቁ፣ ብረቱ ከኢንዱስትሪ ነው የሚመጣው። የሰርፍ ቦርድ ሠሪዎች ይህን በመራራ መንገድ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2005 ክላርክ ፎም የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በድንገት ሲዘጋ፣ የሚቀርጹትን ፎም በአብዛኛው ከእሱ ያገኙ የነበሩ ትንንሽ ወርክሾፖች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ከዚህም የከፋው ይሉኝታ ነው። የአጭሩ መንገድ ጥቅም ሠሪው እውነቱን ቶሎ መስማቱ ነው ብያለሁ። ነገር ግን ሠሪው ጓደኛ ሲሆን እውነቱን የሚነግረው ማን ነው? ቦርዱ ነፋስ ሲበረታ እንደሚንቀጠቀጥ ደንበኛው ያውቃል፣ ሌሎቹም ያውቃሉ፤ እሱ በሌለበት ይነጋገሩበታል። ፊት ለፊት ሲጠየቁ «አሪፍ ነው» ይላሉ። ለማያውቀው ኩባንያ ቁጣውን የሚጽፍ ሰው ለሚያውቀው ሠሪ ዝም ይላል። ሂሳቡም እንዲሁ ይበላሻል፦ ጓደኛ ቅናሽ ይጠብቃል፣ ሠሪውም የሠራበትን ሰዓት ሙሉ በሙሉ ለማስከፈል ያፍራል። ጥሩ ሠሪ ሙያውን የሚተወው ደንበኛ አጥቶ ላይሆን ይችላል፤ የሚወዱት ደንበኞች በዝተውበት ሊሆን ይችላል።

ሌላው መውጫ ማደግ ነው፤ ሞዴሉም ቅርብ ነው። ሪክ ናይሽ ሃዋይ፣ ካይሉዋ ውስጥ በትዕዛዝ ቦርድ የሚሠራ ወርክሾፕ ነበረው፤ ልጁ ሮቢ ናይሽ የዊንድሰርፍ ሻምፒዮን ሆኖ ያደገው እዚያው ሲሆን ስማቸው በኋላ በዓለም ዙሪያ የሚሸጥ የካይት ብራንድ ሆነ። ያን መንገድ የሚመርጥ ሠሪ አንድ ቀን ቦርዱን ፋብሪካ ማዘዝ ይኖርበታል። ቅርጹ ያው ይሆናል፤ ምናልባት የፋብሪካው አጨራረስ ይሻላል። የሰፈሩ ተንሸራታቾች ግን ቅር ይላቸዋል፤ ለምን ቅር እንዳላቸው ሲጠየቁም ከቦርዱ ላይ ጉድለት ይፈልጋሉ።

ጉድለቱ ግን ቦርዱ ላይ አይደለም። አሁን በጋራዡ በር አንድ ደንበኛ ቦርዱን በብብቱ ይዞ ሲገባ ሠሪው ሰላምታውን ሳይጨርስ ቦርዱን ተቀብሎ ይገለብጠዋል። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ተከትሎ ይሄድና የተፋቀ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«ውኃው ዝቅ ሲል በዚያ በኩል አትውጣ ብዬህ አልነበር?»